የቦዬ ፕሮቲን ጄል ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ ወጣብኝ፤ የቱን ልመን?

የሶዶ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያዬ የምሠራው በቦዬ ፕሮቲን ላይ ነው። ቦዬን ለማታውቁ፣ ከጎደሬ ጋር እንዳታምታቱት። ሐረጉ እንጨት ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣው፣ ከሥር ወፍራምና ረጅም ሆኖ የሚቆፈረው ነው። ፈረንጆች ያም ይሉታል። እኔ ወላይታ ነው ያደግሁት። ጓሯችን ውስጥ ከእንሰቱ ጎን ቦዬ ያልነበረበት ጊዜ አላስታውስም።

ናሙናውን ያመጣሁትም ከእናቴ ጓሮ ነው። ሦስት ቦዬ ቆፈረችልኝ፤ አፈሩን በእጇ አራግፋ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ድረስ ተሸክማልኝ መጣች። ስለዚህ ይህ ሥራ ለእኔ ወረቀት ብቻ አይደለም። አማካሪዬ ርዕሱን ሲሰማ «ሥራ ሥር ውስጥ ደግሞ ምን ፕሮቲን አለ? ስታርች ነው እኮ» አለኝ። ያቺ ንግግር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣችም።

አሁን የገጠመኝ ይኸውላችሁ። አንዱን ቦዬ ልጬ ፈቀፈቅሁት። እጅ ላይ እንደ ባሚያ ይልጋል፤ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ቡናማ ይሆናል። በበፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ የመሥሪያ ፈሳሽ) አሽቼ፣ በሴንትሪፊውጅ አዙሬ፣ ከላይ የቀረውን ጥርት ያለ ውኃ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው የሚለየው ጄል ላይ ጫንኩ። ሰማያዊ ቀለሙን ነክሬ ሳጥበው 28 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ አንድ ወፍራም ባንድ፣ ማለትም የፕሮቲን መስመር፣ ወጣ። ከላይ ደግሞ 80 አለፍ ብሎ ሌላ ባንድ አለ።

በሁለተኛው ቀን ከዚያው ቦዬ፣ ከዚያው ቱቦ ደገምኩት። 80ው ጠፋ። 28ም የለም። 32 ላይ አንድ ወፍራም ባንድ ብቻ ቁጭ ብሏል! የቀየርኩት ነገር አንድ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቤታ መርካፕቶኤታኖል የሚባለው ኬሚካል አልቆብን ስለነበር ሳልጨምር ነው የሠራሁት። በሁለተኛው ቀን ከጎረቤት ላብራቶሪ ተበድሬ ጨመርኩ።

የቱን ልመን? ይህ ፕሮቲን ምንድን ነው? ደግሞስ አንድ ባንድ ማለት አንድ ጂን ማለት ነው? የሚያውቅ ሰው እባካችሁ እርዱኝ። ሪፖርት የማቀርበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።


አዲስ ገቢ፦

እኔ የምጠረጥረው ናሙናው ተበላሽቶብሻል ብዬ ነው። ክፍሉ ሙቅ ከሆነ የራሱ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ይቆራርጡታል። አዲስ ቦዬ አምጥተሽ በበረዶ ላይ ብትደግሚው ይሻላል።


ፒፔት፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ናሙናሽ አልተበላሸም። ፕሮቲን ሲቆራረጥ ወደ ታች ተበታትኖ፣ ጭረት ጭረት ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከ28 ወደ 32 ከፍ አይልም። ሁለቱም ጄሎችሽ ትክክል ናቸው። እንዳትጥያቸው። ያየሽው አንዱን ፕሮቲን በሁለት አለባበስ ነው።

እኔ በፕሮቲን ላብራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት በያም ላይ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢረዝም ታገሡኝ።

ይህ ፕሮቲን ዲዮስኮሪን ይባላል። ስሙ የተወሰደው ተክሉ ካለበት ወገን ከዲዮስኮሪያ ነው። ወገኑ ደግሞ የተሰየመው በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ መድኃኒት ዕፅዋት በጻፈው በግሪካዊው ሐኪም በዲዮስኮሪደስ ነው። ሃርቬይና ቦልተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ከምዕራብ አፍሪካው ነጭ ያም ለይተው አወጡት። በሥሩ ውስጥ ካለው የሚሟሟ ፕሮቲን 80 በመቶ ገደማው እሱ ነው። ጄልሽ ላይ ያ ባንድ እንደዚያ የወፈረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ 28፣ 80 እና 32 እንምጣ። ሲስቴይን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ ሰልፈር ይዟል። ሁለት ሲስቴይኖች ሲጠጋጉ ሰልፈራቸው ይያያዝና ቋጠሮ ይሆናል። ቋጠሮው በፕሮቲኑ በራሱ ላይ ከሆነ ፕሮቲኑ ተጠቅልሎ ይቀራል። ጋቢ አስቢ። የተጠቀለለ ጋቢና የተዘረጋ ጋቢ ክብደታቸው አንድ ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ሲሳብ ግን የተጠቀለለው ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ ዲዮስኮሪን ሳይፈታ ሲቀር ጄሉ ውስጥ ፈጥኖ ይወርድና ትንሽ መስሎ 28 ላይ ይታያል። 80ው ደግሞ ከባልንጀሮቹ ጋር የተቋጠረው ነው። መርካፕቶኤታኖል ስትጨምሪ ሁሉም ቋጠሮ ይፈታል፤ ሁሉም አንድ ቦታ፣ 32 ላይ ይሰበሰባል። የታይዋን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ዲዮስኮሪያ ባታታስ በተባለው የእስያ ያም ላይ ያገኙት ይህንኑ ነው፦ ሳይፈታ 82 እና 28፣ ሲፈታ 32። መርካፕቶኤታኖሉ ያለቀባችሁ ቀን ትልቅ ነገር አሳይቶሻል።

የጂኑ ጉዳይ ላይ ስንመጣ አንድ ባንድ አንድ ጂን ማለት አይደለም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮንላንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 እንግሊዝ አገር ከዲዮስኮሪያ ካየነንሲስ ሥር የጂኑን መልእክት የሚይዘውን ኤም አር ኤን ኤ አውጥተው፣ ወደ ዲ ኤን ኤ ቅጂ ቀይረው ሲያነቡት ሁለት ዓይነት አገኙ። ኤ እና ቢ አሏቸው። ሁለቱ ከመቶ አሚኖ አሲድ 69 ያህሉ ይመሳሰላል። ክብደታቸው በጣም ስለሚቀራረብ ተራ ጄል አይለያቸውም። አንቺ ያየሽው ወፍራም ባንድ ቤተሰብ ነው።

እኔን መጀመሪያ ሳነበው ከወንበሬ ያስነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉን ከሚታወቁ ፕሮቲኖች ጋር ሲያስተያዩት ዘመዱ ማን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ! በቀይ የደም ሕዋሳችን ውስጥ ያለው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውኃ ጋር አዋሕዶ ባይካርቦኔት የሚያደርገው ኢንዛይም። ቅጠል ውስጥ በብዛት የሚሠራው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ቤታ የሚባለው ነው። ዲዮስኮሪን የተጠጋው ግን ወደ አልፋው፣ በእንስሳት ወደሚታወቀው ነው። ቦዬ የጥንት የኢንዛይም ጂን ወስዶ፣ አብዝቶ፣ ሥሩ ውስጥ የናይትሮጅን ጎተራ አደረገው።

ሌሎቹም እንደዚሁ አድርገዋል። የድንች ፓታቲን ስብ ከሚሰብሩ ኢንዛይሞች ወገን ነው። የስኳር ድንች ስፖራሚን ተባይን ከሚከላከሉ፣ ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ከሚያግዱ ፕሮቲኖች ወገን ነው። ሦስቱም በዝምድና አይገናኙም። እያንዳንዱ ተክል ጎተራውን የሠራው በየቤቱ ከነበረው እንጨት ነው። እኔ በዚህ ሙያ ውስጥ የቆየሁት ይህን ነገር ስለወደድኩት ነው ብል ማጋነን አይደለም።

ዲዮስኮሪን ዛሬም ኢንዛይም ነው ወይ? እዚህ ላይ ክርክር ነበረ። እንግሊዞቹ ሲለኩት የካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ሥራ አላገኙበትም። ታይዋኖቹ በሌላ ዝርያ ላይ አገኘን አሉ፤ ትሪፕሲንን እንደሚያግድ፣ የተበላሸ ቫይታሚን ሲንም መልሶ እንደሚያድስ ጨምረው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጃፓኖች በአገራቸው ያም ላይ የፕሮቲኑን ቅርጽ በክሪስታል አሳይተው ሁለቱ ሥራዎች፣ የካርቦኒክ አንሃይድሬዙና የቫይታሚን ሲ እድሳቱ፣ ተያይዘው እንደሚሄዱ አቀረቡ። ዝርያው ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል። ስለዚህ የሌላውን ቦዬ ውጤት በአንቺ ቦዬ ላይ አትለጥፊ። ለኪው።


ገበሬው ጋ ያለው፦

ልጄ፣ እኔ ላብራቶሪ አላውቅም። ግብርና ነው ሙያዬ። ከሃያ ዓመት በላይ በወላይታና በጋሞ ማሳ ለማሳ ዞሬአለሁ። አንድ ነገር ልንገርሽ። «ቦዬ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ።

የእናትሽን ቦዬ ሃቱማ ነው ወይስ ማቻ ብለሽ ጠይቂያት። ወዲያው ትነግርሻለች። ሃቱማ ወንድ፣ ማቻ ሴት ማለት ነው። ሳይንሱ እንደሚለው የአበባ ጾታ አይደለም። ገበሬው ይህን የሚለው ቶሎ መድረሱን ወይም መዘግየቱን፣ የሥሩን ጠባይና አያያዙን አይቶ ነው። ቶሎ የሚደርሰውን ሐረጉ ሳይሞት ከሥሩ ቆፍሮ ይበላለታል፤ አፈር መልሶለት ደግሞ ያወጣበታል። ስለዚህ ሥሩ በምን ዕድሜው እንደተቆፈረ ጻፊ። ያልበሰለ ቦዬና ጓዳ ውስጥ ከርሞ ቡቃያ ያወጣ ቦዬ አንድ አይሆኑም።

የእኛ አካባቢ ቦዬ በአብዛኛው ካየነንሲስና ሮቱንዳታ ከሚባሉት ውስብስብ ወገን ነው። አላታም አለ። ሐረጉ ላይ የሚያፈራው፣ ቡልቢፌራ የሚሉትም አለ። ቅጠሉንና ግንዱን ፎቶ አንሽ፤ ግንዱ ክብ ነው ወይስ አራት ክንፍ ያለው? ክንፍ ካለው አላታ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የነጩን ያም (የሮቱንዳታን) ጂኖም፣ ማለትም ሙሉውን የዲ ኤን ኤ ንባብ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ካሳተሙት ውስጥ የመጀመሪያው ስም የሙሉነህ ታምሩ ነው። ይህ ሰው ቀደም ብሎ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በእኛው በኢትዮጵያ ቦዬ ላይ ነው። ሃቱማና ማቻ የሚለውን የገበሬ አመዳደብም በጥናቱ ጽፎታል። ከወላይታና ከጋሞ ማሳ ተነስቶ እዚያ ደረሰ። እኔ ይህን ሳስብ ደረቴ ይሞላል።


የሶዶ ልጅ፦

ጋሼ፣ እናቴን አሁን ደወልኩላት። ማቻ ነው አለች። «ምን ሆነ፣ አልበሰለም እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ግንዱ ክብ ነው፤ ፎቶው አለኝ። በጣም አመሰግናለሁ።

ፒፔት እህቴ፣ ጂኖሙ ካለ ጂኑን ከዚያ ላይ ወስጄ መጻፍ እችላለሁ? ወይስ ከራሴ ቦዬ ማውጣት አለብኝ? ለአማካሪዬስ ምን ልመልስለት?


የማርያም እናት፦

ልጆቼ፣ ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ነርስ ነኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እዚህ «የጫካ ያም» የሚባል ክሬም ለማረጥ ጊዜ ተብሎ ይሸጣል። ሴቶቻችን ይገዙታል። ዲዮስኮሪን ነው የሚሠራው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሌላዋ ደግሞ ዲዮስኮሪን መርዝ ነው ብላ አስፈራራችኝ። እናንተ ደግሞ የምንበላው ቦዬ ፕሮቲን ነው አላችሁ። የቱ ነው እውነቱ?

በዚያ ላይ እዚህ ሱቅ ውስጥ ያም ብለው የሚሸጡት ብርቱካንማው ስኳር ድንች ነው። እውነተኛውን ያም የማገኘው ከጋና ሱቅ ነው። ቅርፊቱ እንደ ዛፍ ልጥ ሻካራ፣ ውስጡ ነጭ የሆነውን።


ፒፔት፦

እትዬ፣ ይህ ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው። ሦስት ነገሮች አሉ፤ ስማቸው ተቀራርቦ ሰውን ያሳስታል። በእኛ ፊደልማ ጭራሽ ይብሳል።

አንደኛው የምንነጋገርበት ፕሮቲን ነው፤ ዲዮስኮሪን። ሁለተኛው አልካሎይድ ነው፤ እሱም ዲዮስኮሪን። በላቲን ፊደል ሲጻፉ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ትለያቸዋለች። እኛ ስንጽፋቸው ግን ልዩነቱ ይጠፋል። አልካሎይዱ በእርግጥ መርዝ ነው። ሂስፒዳ በሚባለው የእስያ የዱር ያም ውስጥ ይገኛል፤ እዚያ ያሉ ሰዎች ሥሩን ቆራርጠው በውኃ ደጋግመው ዘፍዝፈው፣ አጥበው ነው የሚበሉት። ያቺ ሴትዮ የሰማችው ይህንን መሆን አለበት።

ሦስተኛው ዲዮስጄኒን ነው። ፕሮቲንም አልካሎይድም አይደለም፤ ከስቴሮይድ ወገን ነው። በ1940ዎቹ ራስል ማርከር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ከሜክሲኮ የዱር ያም ዲዮስጄኒን አውጥቶ በላብራቶሪ ወደ ፕሮጄስትሮን ለወጠው። የሆርሞን መድኃኒት የረከሰው በዚያ ነው። ያንን ለውጥ ያደረገው ግን የኬሚስቱ ብልቃጥ ነው። የሰው ሰውነት ዲዮስጄኒንን ወደ ፕሮጄስትሮን አይቀይርም። ክሬሙ ላይ ሌላ ነገር ካልተጨመረበት በስተቀር ያሙ ብቻውን ሆርሞን አይሆንላቸውም። ለሴቶቹ ይህንን ንገሪልኝ፤ ገንዘባቸው ያሳዝነኛል።

የሶዶዋ እህቴ፣ አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ጂኖሙን ተጠቀሚበት፤ ክፍት ነው። ያነበቡት 594 ሚሊዮን ፊደል ያህል ሲሆን 26,198 ጂኖች ቆጥረውበታል። እዚያ ውስጥ ከዲዮስኮሪን ጋር የሚመሳሰሉትን ፈልጊ። አንድ ብቻ አገኘሁ ብለሽ እንዳታቆሚ፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቅጂዎች ይኖሩ እንደሆነ እይ። ግን ያ የምዕራብ አፍሪካ ተክል ነው። የእናትሽ ማቻ የራሷ ፊደል አላት። ሮቱንዳታ ሁለት የክሮሞዞም ስብስብ ሲኖረው ካየነንሲስ ሦስት አለው። ስለዚህ ከአንድ ጂን ሁለት ወይም ሦስት መልክ ሊወጣሽ ይችላል። ግራ አትጋቢ።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ተቆፍሮ ከከረመ ቦዬ አር ኤን ኤ አላወጣም። በዚያን ጊዜ ጎተራው ሞልቶ ተዘግቷል። ሥሩ ገና እየወፈረ ሳለ፣ ጂኑ በርትቶ በሚሠራበት ጊዜ፣ ማሳው ላይ ቁራጭ ወስጄ እዚያው አቀዘቅዘዋለሁ። ያ ልግላጉና ቡናማው ነገር አር ኤን ኤውን እንዳያበላሽብሽ መፍጫው ውስጥ ፒቪፒ፣ ያንን ቡናማ የሚያደርገውን ነገር የሚይዘውን ዱቄት፣ ጨምሪበት። ፕራይመሩን፣ ጂኑን ማባዛት የሚጀምረውን አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ፣ ኤ እና ቢ ሁለቱም በሚጋሩት ቦታ ላይ አድርጊው። በፒሲአር ያባዛሽው ጂን ሲወጣልሽ በቀጥታ ለንባብ አትላኪው፤ ሁለቱ ዓይነት ተደራርበው ፊደሉ ይታመስብሻል። ባክቴሪያ ውስጥ ክሎን አድርጊና ሃያ፣ ሠላሳ የባክቴሪያ ኮሎኒ ለየብቻ አስነብቢ። ፕሮቲኑ መነሻው ላይ ምልክት የሚሆን አጭር ቅጥያ አለው፤ ወደ ማከማቻው ሲላክ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ ከጂኑ ያሰላሽው ክብደት ከጄሉ ጋር ልክ ባይገጥም አትደንግጪ።

ደግሞ ከ32ቱ በታች ሣሣ ያሉ ባንዶች ካሉ አትናቂያቸው። በባታታስ ላይ ማኖስ የሚባለውን ስኳር የሚይዝ ሌክቲን አብሮ ተገኝቷል። ተክሉ በጎተራው ውስጥ ጠባቂም ያስቀምጣል።

አማካሪሽ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ትኩስ ቦዬ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከቀረው ስታርቹ ይበዛል። ከ100 ግራም ትኩስ ቦዬ ፕሮቲኑ 1.5 ግራም ገደማ ነው። ግን ቦዬን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው በቁርጥራጭ አይበላም። ናይጄሪያና ጋና ሰው በቀን ብዙ ይበላል። አንድ ኪሎ ብንል 15 ግራም ፕሮቲን ነው። ከቆጮ ጋር አወዳድሪው፤ ቆጮ በፕሮቲን በጣም ደካማ ነው። እንሰትና ቦዬ ጎን ለጎን በሚበቅሉበት ጓሮ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ቦዬ የሚጎድለው ሰልፈር ያላቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ሜቲዮኒንና ሲስቴይን። እናትሽ ቦዬ ቀቅላ ከአይብና ከዳጣ ጋር ስታቀርብ አይቡ ያንን ይሞላል። መቀቀሉም ትሪፕሲን የሚያግደውን ጠባዩን ያዳክመዋል።

ለአማካሪሽ ጄሉን አሳዪው። ሁለቱን ረድፍ፣ የተፈታውንና ያልተፈታውን፣ ጎን ለጎን።


አዲስ ገቢ፦

እኔም ተምሬአለሁ። ተበላሽቷል ያልኩትን አንስቻለሁ። የጋቢውን ምሳሌ ለተማሪዎቼ እጠቀምበታለሁ።


የሶዶ ልጅ፦

ዛሬ ደገምኩት። አንድ ጄል ላይ፣ ከዚያው ቱቦ፣ ግራውን ሳልፈታ፣ ቀኙን ፈትቼ። በመካከላቸው ሁለት ረድፍ ባዶ ተውኩ፤ መርካፕቶኤታኖሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ። ሲወጣ ግራው 82 አካባቢና 28፣ ቀኙ 32። ልክ እንዳልሽው! ሰማያዊው ቀለም እየታጠበ ባንዱ ከውስጥ ብቅ ሲል ሳየው እንባዬ መጣ።

አማካሪዬ ጄሉን መብራት ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ «ኤና ቢን መለየት ትችያለሽ?» አለኝ። እሞክራለሁ አልኩት። ለአር ኤን ኤ የሚሆን ማቀዝቀዣ ፈቅዶልኛል።

ቅዳሜ ወደ ቤት እሄዳለሁ። እናቴ አንድ ሐረግ ሳትነካ አቆይታልኛለች፤ ሥሩ ገና እየወፈረ ነው። ሃቱማም ከጎረቤት ትለምንልኛለች። ፒፔት እህቴ፣ ፒቪፒውን በምን ያህል መጠን ልጨምር?


ፒፔት፦

ከበፈሩ ክብደት 2 በመቶ ያህል ጀምሪ። ቢላዋሽ የተሳለ ይሁን፣ ቁራጩ ከጣት ጥፍር አይብለጥ፣ ቶሎ ይቀዝቅዝ። ከሃቱማውም ከማቻውም በተመሳሳይ ሰዓት ውሰጂ። ለእናትሽ ሰላም በይልኝ።